የተፈጠረ ሥራና ጸንቶ የቆየ ሥራ፦ ስለ ሰሜን ሸዋ ኢንተርፕራይዞች

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ፣ ከቀበሌ እስከ ክልል ያሉ የሥራና ሥልጠና ተቋማት የዓመቱን ሪፖርት ያጠናቅቃሉ፤ በሪፖርቱ ላይ ከሁሉ ጎልቶ የሚወጣውም በዓመቱ ውስጥ የሥራ ዕድል የተፈጠረላቸው ዜጎች ቁጥር ነው። ቁጥሩ በዜና ይነገራል፣ በምክር ቤት ይቀርባል፣ ለቀጣዩ ዓመት ዕቅድም መነሻ ይሆናል። ደብረ ብርሃን ውስጥ ለጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች የሒሳብ መዝገብ በመያዝ ስለምተዳደር፣ በዚያ ቁጥር ውስጥ ከተመዘገቡት ሰዎች ጋር ዓመቱን ሙሉ እገናኛለሁ፤ ደመወዛቸውን፣ የብድር ዕዳቸውንና የሼድ ኪራያቸውን የምጽፈው እኔ ነኝ። ከዚህ ሥራ የጨበጥሁትን አንድ አቋም ዛሬ በዝርዝር ላስረዳ እወዳለሁ። መንግሥት በሚደግፋቸው ኢንተርፕራይዞች የተፈጠረ ሥራ መቆጠር ያለበት፣ ዓመት ካለፈ በኋላ በሥራው ላይ ያለው ማን እንደሆነ ተጠይቆ፣ የጠፋው ከተገኘው ላይ ተቀንሶ፣ በየወረዳውም ተለይቶ ነው። አቆጣጠሩ እንዲህ ካልሆነ ድጋፉ የሚሄድበት ቦታም ትክክል ሊሆን አይችልም።

ድጋፉ ራሱ ረጅም ዕድሜ አለው። አገራችን የመጀመሪያውን የጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች ልማት ስትራቴጂ ያወጣችው በ1990 ዓ.ም. ነው፤ ሥራውን የሚመራ የፌዴራል ኤጀንሲም ብዙ ሳይቆይ ተቋቋመ። በ2003 ዓ.ም. ስትራቴጂው ተሻሽሎ ሲወጣ፣ ጥቃቅን የሚባለው ባለቤቱንና የቤተሰቡን አባላት ጨምሮ እስከ 5 ሰው የሚያሠራ፣ ጠቅላላ ሀብቱም በኢንዱስትሪ ከ100,000 ብር፣ በአገልግሎት ከ50,000 ብር የማይበልጥ ድርጅት እንዲሆን ተወሰነ። አነስተኛ የሚባለው ደግሞ ከ6 እስከ 30 ሰው የሚያሠራና በኢንዱስትሪ እስከ 1.5 ሚሊዮን ብር፣ በአገልግሎት እስከ 500,000 ብር ሀብት ያለው ሆነ። (ያ መለኪያ በወጣበት ጊዜ የነበረው ብርና የዛሬው ብር የመግዛት አቅማቸው እንደማይገናኝ ለማንም ግልጽ ነው።) ከዚያ ወዲህ በ2009 ዓ.ም. የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ተቋቋመ፣ የሥራ ፈጠራ ኮሚሽን መጣ፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተመሠረተ። በክልላችን ብድሩን ለብዙ ዓመታት ሲያቀርብ የቆየው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ማለትም አብቁተ፣ ዛሬ ጸደይ ባንክ ሆኗል። የተቋማቱ ስም ብዙ ጊዜ ተቀያየረ፤ የሥራው አካሄድ ግን በመሠረቱ አልተለወጠም፦ ወጣቶች በቀበሌው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ይመዘገባሉ፣ ይደራጃሉ፣ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አጭር ሥልጠና ይወስዳሉ፣ 20 በመቶ ቆጥበው 80 በመቶ ይበደራሉ፣ ሼድ ከተገኘ ሼድ ይሰጣቸዋል፣ የገበያ ትስስርም ይፈጠርላቸዋል። ማሽን የሚያስፈልጋቸው በካፒታል ዕቃ ፋይናንስ በኩል በኪራይ ግዢ ሊያገኙ ይችላሉ።

ይህን ድጋፍ ከሚያቃልሉት ወገን አይደለሁም። ሰፌድና እንጨት ይዘው መንገድ ዳር ከሚቸረችሩ ቤተሰቦች የወጡ ልጆች በዚህ መንገድ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ባለቤት ሲሆኑ፣ ከዚያም አልፈው ሰው ሲቀጥሩ አይቻለሁ። ባለፉት ዓመታት ደብረ ብርሃን ውስጥ የትምህርት ቤት ዴስክ፣ የመስኮትና የበር ብረት፣ የሥራ ልብስ፣ የግንባታ ብሎኬት ከእነዚህ ሰዎች እጅ ሲወጣ ኖሯል። ሥጋቴ የሚነሣው ድጋፉ ይበልጥ ፍሬ እንዳያፈራ የሚያደርገው ነገር አቆጣጠራችን ሆኖ ስለማገኘው ነው።

አሁን ባለው አሠራር አምስት ወጣቶች ተደራጅተው፣ መተዳደሪያ ደንባቸውን አጽድቀው፣ ንግድ ፈቃድ ሲያወጡና ብድር ወይም የመሥሪያ ቦታ ሲያገኙ፣ አምስት ቋሚ የሥራ ዕድል እንደተፈጠረ ይመዘገባል። በኮብልስቶን ንጣፍ ወይም በሌላ ግንባታ ላይ ለጥቂት ወራት የሚሰማሩት ደግሞ በጊዜያዊነት ይያዛሉ። ይህ ምዝገባ በዚያ ቀን እውነት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ያ ማኅበር በሚቀጥለው ዓመት ሪፖርት ላይ አይታይም፤ የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ሌላ አዲስ ማኅበር፣ ሌላ አምስት ሰው ይጠይቃልና። ስለዚህ የቀበሌው ባለሙያ ዓመቱን በሙሉ የሚያሳድደው አዳዲስ ተደራጆችን ነው። አምና ያደራጃቸው ሰዎች ማሽን ቢሰበርባቸው፣ ሁለቱ አባላት ተጣልተው ቢለያዩ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የወሰደውን ዕቃ ክፍያ ወራት ቢያዘገይባቸው፣ እነሱን ለመርዳት የሚያጠፋው ቀን በምዘናው ላይ ነጥብ አያስገኝለትም። ባለሙያው ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ በተጠየቀው መሠረት እየሠራ ነው።

ጉዳቱ በሁለት አቅጣጫ እንደሚሄድ ልብ ማለት ያስፈልጋል። አንደኛው ብዙ ሰው የሚያነሣው ነው፦ የፈረሰ ማኅበር በመዝገብ ላይ ሕያው ሆኖ ይኖራል፣ አባላቱም ሥራ እንዳላቸው ተደርገው ይቆጠራሉ። ሁለተኛውን ግን የሚያነሣው ሰው አላጋጠመኝም፤ እሱም በጸጥታ የሚያድገው ድርጅት የማይቆጠር መሆኑ ነው። መዝገቡን ከምይዝላቸው ድርጅቶች አንዱ የእንጨት ሥራ ማኅበር ነው። በአምስት አባላት ተጀመረ፤ ሦስቱ በተለያየ ምክንያት ድርሻቸውን ወስደው ወጡ። የቀሩት ሁለቱ በየጊዜው አንዳንድ ሰው እየቀጠሩ ዛሬ ከነራሳቸው ዘጠኝ ሆነዋል። በሪፖርት ቋንቋ ይህ ድርጅት ዛሬም አምስት ሰው ነው። ሦስቱ ሲወጡ አልተቀነሰም፣ ሰባቱ ሲገቡ አልተጨመረም። ተቀጣሪዎቹ አብዛኞቹ ከገጠር ወረዳዎች የመጡ፣ ሙያውን እዚያው የተማሩ ልጆች ናቸው። ሥራ ፈጠራ ማለት ለእኔ ይህ ነው፤ ሆኖም ከዓመት ወደ ዓመት የሚተላለፈው ሪፖርት እነዚህን ልጆች አያውቃቸውም፣ ማኅበሩም አስረኛውን ሰው ለመቅጠር የሚጎድለው ምን እንደሆነ የጠየቀው የለም።

የመንዝ እረኛ በጎቹን ጧት ሲያወጣ ብቻ አይቆጥርም፤ ማታ ወደ በረት ሲያስገባም ይቆጥራል፣ የጎደለችውንም ሊፈልግ የሚነሣው በማታው ቆጠራ ነው። የእኛ የሥራ ዕድል ቆጠራ የጧቱን ይዞ የማታውን ትቷል።

የማታውን ቆጠራ ሌሎች እንዴት እንደሚያካሂዱት ስመለከት ትኩረቴን የሳበችው አየርላንድ ናት። ከ5 ሚሊዮን ትንሽ የሚበልጥ ሕዝብ ያላት ይህች አገር፣ የአገሬው ሰው የመሠረታቸውን ኩባንያዎች የሚደግፍ ኢንተርፕራይዝ አየርላንድ የተባለ የመንግሥት ተቋም አላት። ተቋሙ የተመሠረተው በ1998 እ.ኤ.አ. ነው፤ የእኛ የፌዴራል ኤጀንሲም የተቋቋመው በዚያው የአውሮፓውያን ዓመት ነው። ተቋሙ በየዓመቱ ይፋ የሚያደርገው ውጤት ሦስት ቁጥሮችን ለየብቻ ያስቀምጣል፦ በዓመቱ ውስጥ አዲስ የተፈጠረው ሥራ፣ የጠፋው ተቀንሶ የተገኘው የተጣራ ጭማሪ፣ እና በዓመቱ መጨረሻ በሚደገፉት ኩባንያዎች ውስጥ በሥራ ላይ ያለው ጠቅላላ ሰው። በ2022 እ.ኤ.አ. አዲስ የተፈጠረው ሥራ 19,660 ነበር፤ የተጣራው ጭማሪ 10,841፣ ጠቅላላው ሠራተኛ ደግሞ 218,178። ከሁለቱ የመጀመሪያ ቁጥሮች ልዩነት እንደምንረዳው በዚያ ዓመት ከ8,800 በላይ ሥራ ጠፍቷል ማለት ነው። ይህን ጥፋት መግለጻቸው ተቋሙን አላዋረደውም። በደጋፊው መሥሪያ ቤት ላይ ያለው እምነት የሚጸናው የጠፋውንም አብሮ ሲናገር ይመስለኛል።

ሌላው ነገር ክልላዊ ክፍፍሉ ነው። ውጤቱ ሲወጣ በዋና ከተማዋ በደብሊን ምን ያህል፣ በምዕራቡ ምን ያህል፣ በመካከለኛው የአገሪቱ ክፍል ምን ያህል እንደሆነ ተለይቶ ይቀርባል፤ በተቋሙ ከሚደገፉት ሠራተኞች ሁለት ሦስተኛ ገደማ የሚሆኑት ከደብሊን ውጭ እንደሚሠሩም በዚሁ ይታወቃል። እስከ 10 ሰው የሚያሠሩ ትንንሽ ድርጅቶች ደግሞ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየአካባቢው ባሉ 31 የአካባቢ ኢንተርፕራይዝ ጽሕፈት ቤቶች ይደገፋሉ፤ አድገው ወደ ውጭ ገበያ መላክ ሲጀምሩ ወደ ዋናው ተቋም ይሸጋገራሉ። የእነሱ ኩባንያዎች ከእኛ በሀብትም በዓይነትም የሚራራቁ ስለሆኑ ሌላውን ነገር ማነጻጸር ትርጉም የለውም። አቆጣጠሩ ግን ሀብት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው በአንድ የተወሰነ ቀን በየበሩ ሄዶ “ዛሬ ስንት ናችሁ?” ብሎ መጠየቅን ነው።

ወደ ሰሜን ሸዋ ልመለስ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት ዞናችን ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የነበረው ሲሆን፣ በከተማ ይኖር የነበረው ከመቶ ወደ 12 የሚጠጋው ብቻ ነበር። ደብረ ብርሃን በዚያን ጊዜ 65,000 ገደማ ነዋሪ ነበራት፤ ዛሬ ያለውን ብዛት በዓይኑ ያየ ሰው ከተማዋ ምን ያህል እንደሰፋች ይረዳል። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ ወደ ወሎ በሚወስደው ዋና አስፋልት ላይ መገኘቷ ፋብሪካዎችን ስቧል፤ ከጥንቱ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ጀምሮ የቢራ፣ የብርጭቆና የሌሎች ምርቶች ፋብሪካዎች፣ እንዲሁም የኢንዱስትሪ ፓርክ አሏት። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን “ሰሜን ሸዋ ይህን ያህል የሥራ ዕድል ፈጠረ” የሚል አንድ ቁጥር ሲነገር፣ ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉ በደብረ ብርሃንና በአስፋልቱ ዳር ባሉት ከተሞች እንደሆነ፣ ምን ያህሉ ደግሞ በመሐል ሜዳ፣ በሞላሌ፣ በዓለም ከተማ፣ በእነዋሪ ወይም በአንኮበር እንደሆነ አድማጩ አይሰማም። የዞኑ ቁጥር ቢጨምርም የመርሐቤቴ ወጣት ሥራ ፍለጋ የጀማን ወንዝ ተሻግሮ መሄዱን ላያቆም ይችላል። ድምሩ ብቻ ከቀረበ የአንዱ ወረዳ ዕድገት የሌላውን መጉደል ይሸፍነዋል።

በየወረዳው መቁጠር የሚያስፈልግበት ሌላ ምክንያትም አለ፤ የዞናችን ወረዳዎች በምርትም በአየር ንብረትም እጅግ ይለያያሉ። ምንጃር ሸንኮራ ጤፍና ሽምብራ አለው፣ ለአዳማና ለሞጆ ገበያም ቅርብ ነው። ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው፤ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም ያመርታል፣ ማሾም ያበቅላል፤ የሽንኩርት ወቅት ሲደርስ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚያወጣ ዋጋው ይወርዳል፣ ማከማቻም ስለሌለ ገበሬው በተባለው ዋጋ ይሸጣል። ባሶና ወራና ለቢራ ፋብሪካዎቹ የሚሆን የብቅል ገብስ ያበቅላል። ሞረትና ጅሩ የስንዴና የነጭ ጤፍ አገር ነው፤ ሰንጋውም በፋሲካና በእንቁጣጣሽ አዲስ አበባ ድረስ በስሙ ይፈለጋል። አንድ ዓይነት ዕቅድ፣ ማለትም ይህን ያህል በብረታ ብረት፣ ይህን ያህል በልብስ ስፌት፣ ይህን ያህል በከተማ ግብርና የሚል፣ ለእነዚህ ሁሉ ሲላክ የማይስማማው ወረዳ ቁጥሩን ለመሙላት ሲል ብቻ የሚያደራጃቸው ማኅበራት ይኖሩታል፤ እነዚያ ማኅበራት ዕድሜያቸው አጭር እንደሚሆን አስቀድሞ የሚታወቅ ነው።

ስለ መንዝ ሱፍ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልናገር፣ ምክንያቱም ሐሳቤን ከሁሉ በተሻለ የሚገልጽልኝ እሱ ነው። የመንዝ በግ በደጋው ብርድ የሚቋቋም፣ ባለ ሱፍ በግ ነው። ሴቶቹ ሱፉን ይፈትላሉ፣ ሸማኔዎቹ ባና ይሸምናሉ፣ በርኖስም ከዚሁ ሱፍ ይወጣል። ይህ ሙያ ከማንኛውም የመንግሥት ፕሮግራም በፊት የነበረ ነው፤ ማንም አላሠለጠነውም፣ ማንም ብድር አልሰጠውም። ከዚህ ሙያ የሚገኘው ገቢ ግን ትንሽ ነው። ባናው ሸካራ በመሆኑ የከተማ ሰው የፋብሪካ ብርድ ልብስ ይመርጣል፤ ፈትሉ በእጅ ስለሆነ አንዲት ሴት በቀን የምታወጣው ጥቂት ነው፤ ሱፉ ሲሸለት ነጩ፣ ጥቁሩና ቡናማው በአንድነት ስለሚደባለቅ ጥራቱ ይወርዳል። እያንዳንዱ ችግር መፍትሔ አለው፦ ሲሸለት በየቀለሙ መለየት፣ በደንብ ማጠብ፣ በእግር የሚዘወር መፍተያ ማቅረብ፣ ከባና ውጭ ምንጣፍ፣ የትራስ ልብስና የአንገት ልብስ መሥራትን ማሠልጠን። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ገንዘብ ትልቅ ሼድ ከማስገንባት ያንሳል።

እንግዲህ አቆጣጠሩ እዚህ ላይ የሚያደርገውን እንመልከት። አንድ የወረዳ ባለሙያ ሙያውን ለሚያውቁ ሃያ ፈታዮች የተሻለ መፍተያ አግኝቶላቸው ገቢያቸው እጥፍ ቢሆን፣ አሁን ባለው መለኪያ አንድም የሥራ ዕድል አልፈጠረም፤ ሴቶቹ ቀድሞም ይፈትሉ ነበርና። ያው ባለሙያ ግን ሃያ ወጣቶችን በአራት ማኅበር አደራጅቶ በመሐል ሜዳ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ እንዲከፍቱ ቢያደርግ፣ ከተማዋ አራት ተጨማሪ የፎቶ ኮፒ ሱቆችን የምታስተናግድበት ገበያ ባይኖራትም፣ ሃያ ቋሚ ሥራ ይጻፍለታል። ዓመት ቆይቶ የሚቆጥር መለኪያ ቢኖር ሁለቱ ውጤቶች ቦታ ይለዋወጡ ነበር። በመጀመሪያው መንገድ ፈታዮቹ ሥራቸውን አጽንተው ልጆቻቸውንም ሲያስገቡ፣ ሸማኔው ተጨማሪ ፈትል ስላገኘ ረዳት ሲቀጥር ይታያል፤ በሁለተኛው ከአራቱ ሱቆች ስንቱ እንደተዘጋ ይታያል። እስከዚያ ድረስ ባለሙያው ሱፉን ትቶ ወደ ፎቶ ኮፒው ቢሄድ አልፈርድበትም።

ከመንዝ ወረድ ስንል የጅሩ ሜዳ ሌላ ትምህርት አለው። አፈሩ ውኃ የሚቋጥር መረሬ ስለሆነ ገበሬው መደብ እያወጣ ውኃውን ማጠንፈፍ ለዘመናት የለመደው ሥራ ነው። አሁን ትራክተርና ኮምባይነር በኪራይ እየገባ ነው። ማሽን በገባበት አገር ብየዳ፣ የመለዋወጫ ሱቅ፣ የጎማ ጥገና፣ የዘይት ንግድ አብሮ ይመጣል፤ የመኸር ወቅት ላይ አንድ ቀን የቆመ ኮምባይነር ስንት ገበሬ እንደሚያጉላላ የሚያውቅ ሰው፣ እነዋሪ ውስጥ አንድ በቂ መሣሪያ ያለው የጥገና ወርክሾፕ ምን ያህል ደንበኛ እንደሚኖረው ለመገመት አይቸገርም። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ተመራቂዎች እዚያ ቢሰማሩ ሥራው የሚጸናላቸው ደንበኛው ቀድሞ ስላለ ነው። የገበያ ትስስር ስንል ብዙ ጊዜ ወደ አእምሯችን የሚመጣው የመንግሥት ግዢ ነው፤ የዴስክና የደንብ ልብስ ጨረታ ግን ዘንድሮ ኖሮ ከርሞ ሊጠፋ ይችላል። ኮብልስቶንም እንዲሁ ነው፤ ብዙ ወጣት ያሠራ፣ ለከተሞቻችንም ውበት የሰጠ ሥራ ቢሆንም፣ መንገዱ ሲያልቅ ሥራውም ያልቃል።

በዚህ ዞን ስለ ሥራ ሲጻፍ ጦርነቱን አለማንሣት አይቻልም። ሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል ሱቆችና ወርክሾፖች ከነንብረታቸው ወድመዋል፤ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትንና ደብረ ሲናን አዳርሷል፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በክልሉ ያለው ግጭት መንገድ እየዘጋ፣ ጥሬ ዕቃ እያስቀረ፣ ደንበኛ እያራቀ ኖሯል። ደብረ ብርሃን ብዙ ተፈናቃዮችን ተቀብላለች፤ ከእነሱም መካከል በመጡበት ቦታ የራሳቸው ድርጅት የነበራቸው አሉ። በነዚህ ዓመታት የጠፋው ሥራ ብዛት በመለኪያችን ውስጥ ቦታ የለውም፤ መለኪያው የሚያውቀው መደመርን ብቻ ስለሆነ። የጠፋው ካልተጻፈ ደግሞ የብድር ማራዘሚያ ለማን እንደሚገባ፣ የወደመ ማሽን ለማን እንደሚተካ፣ የትኛው ወረዳ ቅድሚያ እንደሚሻ በማስረጃ መናገር አይቻልም። ማሽኑ ተቃጥሎበት ዕዳው የቀረበት ሰው በአንድ መዝገብ “ተጠቃሚ”፣ በሌላው መዝገብ “ብድር ያልመለሰ” ተብሎ ሲጻፍ መስማት ልብ ይሰብራል።

ምን ይደረግ ለሚለው የማቀርበው ሐሳብ በእጅ ባለው መሣሪያ ሊፈጸም የሚችል ነው። እያንዳንዱ የተደገፈ ኢንተርፕራይዝ ስልክ ቁጥሩ በቀበሌው አለ። በዓመት አንድ ጊዜ፣ በተወሰነ ሳምንት ውስጥ፣ ተደውሎ ወይም ተሂዶ የሚሞላ አንድ ገጽ ይበቃል፦ ድርጅቱ ክፍት ነው ወይስ ተዘግቷል፤ ከመሥራች አባላት ስንቱ አሁንም አሉ፤ በደመወዝ የሚሠሩ ስንት ናቸው፣ ከእነሱ ሴቶች ስንት ናቸው፤ ባለፉት ዓመታት ስንት ገቡ፣ ስንት ወጡ፤ የተዘጋ ከሆነ ምክንያቱ ምንድን ነው። ምክንያቱ የገበያ እጦት፣ የአባላት አለመስማማት፣ የጥሬ ዕቃ ዋጋ፣ የመሥሪያ ቦታ መነሣት ወይም የጸጥታ ችግር መሆኑ ብቻ ቢለይ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ዞኑ በየወረዳው ኢንተርፕራይዞችን ምን እንደሚገድል በግልጽ ያውቃል።

ለማመሳከሪያ የሚሆንም አለ። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ በ2003 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ዛሬ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ በየወሩ ያስገባሉ፤ ይህን የሚከፍል ድርጅት በየወሩ ስንት ቋሚ ሠራተኛ እንዳለው ሰነዱ ራሱ ይናገራል። እርግጥ ነው፣ ከትንንሾቹ ድርጅቶች ብዙዎቹ በዚህ አልታቀፉም፣ መሥራች አባላቱም በተቀጣሪነት አይመዘገቡም፤ ስለዚህ ሰነዱ የስልኩን ጥያቄ ሊተካ አይችልም። ከደረጃ ዕድገቱ ጋር ማያያዝ ግን ይቻላል፤ አንድ ኢንተርፕራይዝ ከምሥረታ ወደ ታዳጊ፣ ከታዳጊ ወደ በቃ ደረጃ ሲሸጋገር፣ የሠራተኞቹ ጡረታ መከፈሉ እንደ አንድ መስፈርት ቢያዝ፣ ሥራው ለሠራተኛውም ዋስትና ያለው ሥራ ይሆናል።

ይህን ሐሳብ ለባለሙያዎች ሳነሣ በቅድሚያ የምሰማው “ቁጥሩ ያንሳል” የሚል ነው። አዎን፣ በመጀመሪያው ዓመት ያንሳል፤ ለብዙ ዓመታት ሳይቀነስ የተደመረ ነገር በአንድ ቀን ሲጣራ ሌላ ውጤት ሊኖረው አይችልም። ለዚህም የዞንና የክልል ኃላፊዎች፣ የመጀመሪያው ዓመት ቆጠራ የመነሻ ቁጥር ብቻ እንደሆነና ማንንም እንደማያስጠይቅ አስቀድመው በጽሑፍ ሊያረጋግጡ ይገባል። ማረጋገጫው ካልተሰጠ የቀበሌው ባለሙያ የተዘጋውን ክፍት ነው ብሎ እንዲሞላ እየገፋነው ነው። ሌላው ስሞታ የሰው ኃይል እጥረት ነው፤ የገጠር ወረዳ ባለሙያ ከአንዱ ቀበሌ ወደ ሌላው የሚሄድበት መጓጓዣ እንደሚያጣ፣ ሠራተኛውም ቶሎ ቶሎ እንደሚለዋወጥ አውቃለሁ። ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲና ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ለተግባር ልምምድ የሚወጡ ተማሪዎች ይህን ቆጠራ በየትውልድ ወረዳቸው ቢሠሩት ለእነሱም ትምህርት ነው፤ በዚያ ላይ የራሱን አደራጅነት ራሱ እንዲመሰክር ባለሙያውን ከመጠየቅ ያድነናል።

ጊዜውም ሰኔ ባይሆን እመርጣለሁ። ሰኔ የሪፖርት መዝጊያ ስለሆነ ሁሉም ቁጥር ለመሙላት ይሯሯጣል፤ ክረምቱም ስለሚገባ የመንዝና የመርሐቤቴ የገጠር መንገዶች ለመኪና አስቸጋሪ ይሆናሉ። ከጥምቀት በኋላ ባሉት የጥር ሳምንታት ቢሆን ግን መንገዱ ደርቋል፣ እህሉ ተወቅቶ ገብቷል፣ ለመኸር ሥራ ወደ ቤተሰብ የሄደውም ተመልሷል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት ቦታ ቢሞከር፣ አንዱ ደብረ ብርሃን ከተማ፣ ሌላው ከአስፋልቱ የራቀ አንድ የመንዝ ወረዳ ቢሆን፣ የሁለቱ ቅጽ ጎን ለጎን ሲቀመጥ የሚያሳየው ልዩነት የዞኑ የሚቀጥለው ዓመት በጀት ከመደልደሉ በፊት ለምክር ቤቱ ሊደርስ ይችላል።